እምቢ ስላለች ሚኒ ላፕቶፕ

የአማርኛ ተናጋሪ ስለ ተበላሸ ዕቃ በሚናገርበት ጊዜ «እምቢ አለ» ከሚለው አነጋገር ይበልጥ የሚያዘወትረው ጥቂት ነው፤ ክብሪት በክረምት እምቢ ይላል፣ የበር ቁልፍ እምቢ ይላል፣ መኪና በማለዳ ብርድ እምቢ ይላል፣ እርሾ ያልተስማማው ሊጥም እምቢ ብሎ ያድራል። ቋንቋው በዚህ አነጋገር ግዑዙን ዕቃ ፈቃድ ያለው፣ አኩራፊ፣ አንዳንዴም ቂም የያዘ ፍጡር አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ የባለዕቃው የመጀመሪያ እርምጃ ምክንያቱን መመርመር ሳይሆን ማባበል፣ ማባበሉ ካልያዘም በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ይሆናል። ይህ ሕክምና ሽቦው ለላላ አሮጌ ሬዲዮ አልፎ አልፎ ይሠራ እንደነበር መካድ አይቻልም፤ በውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሲፈጸም ግን አኩርፎ የነበረውን ዕቃ ወደማይመለስበት ሊሸኘው ይችላል።

ላፕቶፕን በሚመለከት «እምቢ አለ» የሚለው ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ነጠላ ስለሚሸፍን፣ የሠሪው (በየሕንጻው ሥር ጠባብ ሱቅ ይዞ የሚጠግነው ባለሙያ በደንበኞቹ ዘንድ የሚታወቀው በዚህ ስም ነው) ቀዳሚ ሥራ ትርጉም ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው «አልበራም አለ» የሚባለው ሲሆን፣ ማብሪያው ሲጫን አንዲት መብራት እንኳ ብልጭ የማትልበት ነው፤ ሁለተኛው መብራቷ በርታ፣ ማራገቢያዋ እየዞረች ስክሪኑ እንደ ጠቆረ የሚቀርበት ነው፤ ሦስተኛው በጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ የሚገተርበት ሲሆን፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን «ኤንቲኤልዲአር ጠፍቷል» የሚለው መልእክት ብዙ ተማሪ አስለቅሷል፤ አራተኛውና «ስታክ አደረገ» የሚባለው ደግሞ መከፈት ጀምሮ መሃል መንገድ ላይ የሚቀርበት ነው። ደንበኛው አራቱንም «እምቢ አለች» ብሎ ካስረዳ በኋላ ዝርዝር ሲጠየቅ ቅር የሚለው፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አመመኝ» ካለ በኋላ «የት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ቅር የሚለውን ያህል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነችው ሚኒ ላፕቶፕ ትውልዷ ከኢትዮጵያ ሚሊኒየም ጋር ይገጥማል። አሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ኢ ፒሲ 701 የተሰኘችውን፣ 7 ኢንች ስክሪን፣ 512 ሜጋባይት ራምና 4 ጊጋባይት ማከማቻ የነበራትን ትንሽ ላፕቶፕ ለገበያ ያወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 2007፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጥቅምት 2000 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የመስከረሙን ርችት ተኩሳ ገና ባልጨረሰችበት ወቅት ነበር። በዓመቱ ኤሰር አስፓየር ዋንን አስከተለ፤ 8.9 ኢንች ስክሪን፣ ኢንቴል አቶም ኤን270 የተባለ በ1.6 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር፣ አንድ ኪሎ ገደማ ክብደት። እነዚህ ላፕቶፖች ከዱባይም ከዋሽንግተንም በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ በሽቶና በጫማ መካከል ተሸጉጠው ለመግባት የተፈጠሩ ይመስሉ ስለነበር፣ ዘመድ «ለልጁ ትሁነው» ብሎ የሚልካቸው ስጦታ ሆኑ። በ2010 እ.ኤ.አ. አይፓድ ሲመጣና ታብሌት ሲበዛ ትልልቆቹ አምራቾች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ዕቃ መመረቱ ቆመ ማለት ሥራው ቆመ ማለት እንዳልሆነ አሮጌዋን ቮልስዋገን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ስለዚህም ሚኒ ላፕቶፖቹ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከታናሽ ወደ አክስት ልጅ እየተላለፉ ቀጠሉ።

ላፕቶፕ ከመብራት እስከ መከፈት የሚያልፍበትን ሂደት የሙያው ሰዎች «ቡት» ይሉታል፤ ቃሉ በአማርኛ «ቦት ጫማ» ከሚባለው ጋር አንድ ሲሆን፣ ሰው የጫማውን የኋላ ማንጠልጠያ ይዞ ራሱን በራሱ ከመሬት ያነሣል ከሚል የእንግሊዝኛ ፌዝ የተወሰደ ነው። ፌዙ ግን ጥልቅ ጥያቄ አለበት፤ ኮምፒውተር ማናቸውንም ሥራ፣ ፕሮግራም ከዲስክ አንሥቶ ወደ ራም መጫንን ጭምር፣ የሚሠራው በፕሮግራም ታዝዞ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ፕሮግራም የሚጭነው ማን ነው? ጥያቄው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በዕድር ጥሩምባ ነፊ ይበልጥ ይገለጻል። መንደሩ ሁሉ ተኝቶ ሳለ ሌሊት ተነሥቶ በየበሩ እየነፋ ዕድርተኛውን የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው፤ የተቀሰቀሰው ዳኛ ጸሐፊውን፣ ጸሐፊው ንብረት ያዡን፣ ንብረት ያዡ ድንኳን ተካዮቹን ያስነሣል፤ ጥሩምባ ነፊው እንቅልፍ የጣለው ዕለት ግን፣ ድንኳኑም ድስቱም ወንበሩም ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ይቀመጣል።

የላፕቶፗ ጥሩምባ ነፊ ባዮስ ይባላል። ስሙ መሠረታዊ የግብዓትና የውጤት ሥርዓት ማለት ሲሆን፣ ያወጣለት በ1975 እ.ኤ.አ. ሲፒኤም የተባለውን ሥርዓተ ክወና ሲሠራ የነበረው አሜሪካዊው ጋሪ ኪልዳል ነው። ባዮስ የሚኖረው ከሃርድ ዲስኩ ተለይቶ፣ ክፍሎቹ ሁሉ በሚያያዙበት ዋና ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ በተበየደች ባለ 8 እግር ትንሽ ቺፕ ውስጥ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ወዴት ሄዶ የመጀመሪያውን ትእዛዝ እንደሚያነብ ገና በፋብሪካ ስለተቀረጸበት፣ ቀጥ ብሎ ወደዚህች ቺፕ ይሄዳል። ባዮስ ከእንቅልፉ እንደነቃ ፖስት የሚባለውን የራስ ምርመራ ያደርጋል፤ ራሙ አለ? ኪቦርዱ አለ? ስክሪኑ አለ? ይህን ሲጨርስ ወደ ዲስኩ ሄዶ የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ያነባል፣ ከእነዚህም መጨረሻ ያሉት ሁለቱ ባይቶች በኮምፒውተር አቆጣጠር 55 እና ኤኤ መሆናቸውን ያረጋግጣል፤ ሁለቱ ባይቶች በር ላይ እንደሚጠየቅ የይለፍ ቃል ስለሆኑ እነርሱ ከጠፉ፣ ከኋላ ያለው ዊንዶውስ ጤነኛ ቢሆንም ማንም አይቀሰቅሰውም። የይለፍ ቃሉ ከተገኘ ዱላው ለጫኙ ፕሮግራም፣ ከጫኙም ለሥርዓተ ክወናው ይተላለፋል። እንግዲህ አልነሣም ያለችን ላፕቶፕ መጠገን ማለት፣ ሲጠቃለል፣ ከቅብብሉ መካከል እንቅልፍ የጣለው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ሞቱ የተባሉ ብዙ ላፕቶፖችም የሞቱ ሳይሆኑ ቀስቃሽ ያጡ ናቸው።

ባለቤቱ ግን ወደዚህ ምርመራ ከመድረሱ በፊት የጠያቂዎችን ጉባኤ ማለፍ አለበት። በአንድ ቤት ላፕቶፕ እምቢ ማለቷ ከተሰማ ጎረቤትና ዘመድ እንደ ታማሚ ይጠይቃታል፣ «እግዜር ይማራት» ማለት ብቻ ይቀራል፤ እያንዳንዱም መድኃኒት ሳያዝዝ አይወጣም። የጎረቤት ልጅ ጉዳዩ ቫይረስ መሆኑን ከበር ሆኖ ይወስናል፤ የአክስት ልጅ ፎርማት ትደረግ ይላል፤ በጡረታ ላይ ያሉት ጋሼ ሙቀት ነውና ትረፍ ይላሉ፤ እትዬ ደግሞ ልጁ ባለፈው እሑድ በሰው ፊት ከፍቷት እንደነበር አስታውሰው፣ ዓይን ያረፈበት ነገር ምንጊዜም እንዲህ መሆኑን ይናገራሉ። ከአራቱ አስተያየቶች ዕቃዋን የማይጎዳው የጋሼና የእትዬ ሲሆን፣ የጋሼው አልፎ አልፎ ይሠራልም።

ለቫይረሱ ባለ አስተያየት ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ግምቱ በታሪክ አንድ ጊዜ በሚገባ ልክ ሆኖ ያውቃል። ባዮስ ቀድሞ ሊጻፍበት በማይችል ቺፕ ይቀመጥ ነበር፤ በኋላ አምራቾች ስሕተታቸውን ለማረም እንዲመቻቸው እንደገና ሊጻፍበት ወደሚችል ቺፕ ሲያዛውሩት፣ ሊጻፍ የሚችል ነገር ሊፋቅም እንደሚችል በ1998 እ.ኤ.አ. በታይዋን የተጻፈው ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ አሳየ። ቫይረሱ ኤፕሪል 26 ቀን 1999፣ ማለትም ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ተነሥቶ በብዙ አገር የነበሩ ኮምፒውተሮችን ዲስክ ከማበላሸቱም በላይ ባዮሳቸውን ለመፋቅ ይሞክር ነበር፤ ዕለቱ የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ከደረሰበት ቀን ጋር በመግጠሙም ቼርኖቢል የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። የጎረቤቱ ልጅ ይህን ሁሉ አስቦ ነው «ቫይረስ ነው» ያለው ብሎ ማመን ግን ይከብዳል።

ሥርዓት ያለው ጠጋኝ ከጠያቂዎቹ የሚለየው በእውቀቱ ብዛት ከመሆኑ በፊት በጥርጣሬው ቅደም ተከተል ነው፤ እርሱ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ሳይፈታ ከሚታየው ተፈትቶ ወደሚታየው ይሄዳል። የሁሉ ርካሽ ጥርጣሬ ዲቫይደሩ ነው። ከግድግዳው ሶኬት ሳሎኑን አቋርጦ የመጣው ይህ ባለ ብዙ ቀዳዳ ገመድ ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም የስልክ ቻርጀሮቹንም ተሸክሞ የሚውል ከመሆኑ የተነሣ፣ አንዱ ቀዳዳው ላልቶ ቻርጀሩን ባይዝ አይፈረድበትም። ከዚያ ቻርጀሩ ይመጣል፤ የአስፓየር ዋን ቻርጀር ጀርባ 19 ቮልት፣ 1.58 አምፔር ይላል፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ የሆነው መልቲሜትርም ጫፉ ላይ ሲነካ ወደ 19 የሚጠጋ ቁጥር ማሳየት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ መኖሩን ልብ ማለት ይገባል፤ ያረጀ ቻርጀር ባዶውን ሲለካ 19 ብሎ ላፕቶፕ ሲጫንበት ወገቡ የሚቆረጥበት ጊዜ ስላለ፣ ሸክም ሳያነሣ ጉልበቱን የሚያወራ ጎረምሳ ይመስላል።

ሦስተኛው ርካሽ ጥርጣሬ ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ ነው። ባዮሱ ከሃርድ ዲስክ በፊት ፍላሽን እንዲያነብ ታዝዞ ከሆነ፣ በጎኗ ላይ የሰርግ ፎቶ የያዘ ፍላሽ ተሰክቶ ባገኘ ጊዜ ሥርዓተ ክወናውን ከሰርጉ ውስጥ መፈለግ ይጀምራል፣ አያገኝም፣ ያማርራል። ከላይ የተጠቀሰው የኤንቲኤልዲአር ለቅሶ አንዳንዱ በዚህ ምክንያት የመጣ ነበር፤ ፍላሹ ሲነቀል ላፕቶፗ ትነሣለች፣ ሠሪውም ለዚህ ሥራ ምን ያህል ይጠይቅ እንደሆነ ከሕሊናው ጋር ይከራከራል።

ምንም መብራት ለማታሳየው ደግሞ ሳትፈታ የሚሞከር አንድ ዘዴ አለ፤ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪዋ ይወጣል፣ ማብሪያው ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይቆያል፣ ከዚያ በቻርጀር ብቻ ትሞከራለች። ነገሩ የጥንቆላ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተር የተባሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች ጥቂት ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ፣ ማብሪያውንና ባትሪውን የሚቆጣጠረው ረዳት ቺፕ ተሳስቶ በቆመበት እንደቆመ ይቀራል፣ የቀረው ኃይል ሲሟጠጥ ግን የተሳሳተውን ረስቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። መብራቷ በርታ ስክሪኗ የጠቆረ ከሆነ በስልክ ባትሪ ስክሪኑን በማዕዘን ማብራት ይበጃል፤ (አማርኛ ኃይል የሚያጠራቅመውንም ብርሃን የሚያበራውንም «ባትሪ» ስለሚል፣ «ባትሪውን አውጥተህ በባትሪ እየው» የሚለው ምክር በስልክ ሲሰጥ ብዙ ሰው ግራ አጋብቷል።) በብርሃኑ ሥር የደበዘዘ ሥዕል ከታየ ላፕቶፗ ነቅታለች፣ የጠፋው የስክሪኑ የኋላ መብራት ብቻ ነው፤ ሌላ ስክሪን በገመድ ሲያያዝላትም የምትለውን ታሳያለች።

ከዚህ በኋላ ካቻቢቴ ይነሣል። ጣልያኖች ትተውት ከሄዱት ነገር ሁሉ ብሎንን፣ ፒንሳንና ካቻቢቴን የሚያህል በየዕለቱ የሚነሣ ቅርስ ያለ አይመስልም፤ ነገር ግን የላፕቶፕ ብሎን ከመኪና ብሎን የሚለየው በትንሽነቱ ብቻ ሳይሆን በተንኮሉም ነው፣ ምክንያቱም በመልክ አንድ ዓይነት የሚመስሉት ብሎኖች በቁመት በአንድና በሁለት ሚሊ ሜትር ስለሚለያዩ፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ ከሥሩ ያለውን ማዘርቦርድ ወይም ኪቦርድ ይወጋል። ጠንቃቃው ሠሪ የላፕቶፗን ሥዕል በካርቶን ላይ ነድፎ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ይሰካዋል፤ ቸኳዩ ሁሉንም በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ላይ ይዘረግፋል። ክዳኑን ለማላቀቅ ቢላዋ ፕላስቲኩን ስለሚጎዳ ያረጀ የኤቲኤም ካርድ ይሻላል፤ ገንዘብ ማውጣት ያቆመ ካርድ ቢያንስ ለዚህ ያገለግላል። በስተመጨረሻ ሁሉም ተገጥሞ አንድ ብሎን ተርፎ መገኘቱ ግን ጠንቃቃውንም ቸኳዩንም የሚያገኝ ዕጣ ነው። የተረፈችውን ብሎን በሚመለከት በሙያው ውስጥ ሁለት አመለካከት ሲኖር፣ አንዱ እንደገና ይፈታ የሚል፣ ሁለተኛውና የበዙት ተከታዮች ያሉት ደግሞ ፋብሪካው ለክፉ ቀን ትርፍ አድርጎ ያስቀመጣት ናት የሚል ነው።

ከክዳኑ ሥር መጀመሪያ የሚፈለገው ራም ነው፤ ራም ሥራ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚዘረጋበት ጠረጴዛ እንደመሆኑ፣ ባዮስ ራም ካላገኘ ስክሪን ላይ የሚጽፍበት አቅም እንኳ ስለማይኖረው ወይ ዝም ይላል ወይ ይጮኻል። የያኔዎቹ ሚኒ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበት ዲዲአር2 ራም በሁለት በኩል የተደረደሩ 200 ወርቃማ ጥርሶች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የተቀመጠ አቧራ ወይም የእጅ ቅባት ለእምቢታ በቂ ነው። መድኃኒቱ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ የሚገዛ ንጹሕ ላጲስ ነው፤ ጥርሶቹ በቀስታ ይታሻሉ፣ የላጲሱ ብናኝ ይጠረጋል፣ ራሙ ቀጭ እስኪል ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ አስፓየር ዋን ላይ የራሙ ማስገቢያ ከማዘርቦርዱ ሥር በመሆኑ፣ ለሁለት ደቂቃ የላጲስ ሥራ ላፕቶፗ ከኪቦርዷ ጀምሮ እስከ አጥንቷ መፈታት አለባት፤ ነዳፊዎቹ ራም የሚቆሽሽ ነገር መሆኑን የሰሙ አይመስሉም።

ማዘርቦርዱ ሲወጣ ደግሞ ደንበኛው ያልተናገረው ይናገራል። «ምንም አልፈሰሰባትም» በተባለችው ላፕቶፕ ውስጥ ኪቦርዱ ሥር ቡናማ ክብ ይገኛል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለሰው ሕመም የተነገረ ቢሆንም በጥገና ቤት ውስጥ በየቀኑ ይረጋገጣል። ፈሳሽ ላፕቶፕን ይበልጥ የሚገድለው በውስጡ በሟሟው ነገር ነው፤ ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም፣ ስኳር ሲደርቅ ይጣበቃል፣ ጨው ግን ውሃውን የተዋጣለት አስተላላፊ ከማድረጉም በላይ መዳቡን እየበላ አረንጓዴ ያደርገዋል። በዚህ መመዘኛ ቡናውን በጨው የሚጠጣ ባላገር ቡናውን በስኳር ከሚጠጣ ከተሜ ይልቅ ለላፕቶፕ አደገኛ ነው፤ የቡናውን ጣዕም በሚመለከት ግን ክርክሩ አልተዘጋም። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለው ምክርም ከዚሁ ጋር ሊታይ ይገባል፣ ምክንያቱም ሩዝ እርጥበቱን በመጠኑ ቢስብ እንኳ ጨውንና ስኳርን ነቅሎ አያወጣም። የሚያስፈልገው ወዲያው ኃይል ማቋረጥ፣ ቀጥሎም ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ነው። የአገር አረቄ አልኮል አይደለምን ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ አይጠፋም፤ ነው፣ ነገር ግን ከፍተኛ ድርሻው ውሃ ስለሆነ ማዘርቦርዱን ከማዳን ይልቅ ሠሪውን ከሥራ ያስተጓጉላል።

ሁሉም ንጹሕ ሆኖ፣ መብራቷ በርታ፣ ማራገቢያዋ ዞሮ፣ ስክሪኗ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ጥርጣሬው ወደ ጥሩምባ ነፊው ይዞራል፤ ባዮሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሠሪ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ፍርድ የሚሰጠው በዚህ ቦታ ሲሆን፣ ይህ ፍርድ በቀድሞ ዘመን ድንገተኛ ሕመምን ሁሉ «መጋኛ መታው» ብሎ እንደመዝጋት ነው፤ ሊሆን ይችላል፣ ግን ማንም አላየውም። የአስፓየር ዋን ነዳፊዎች በራሙ አቀማመጥ የሠሩትን በደል የሚያካክስ መውጫ ያዘጋጁት እዚህ ላይ ነው። በፋት ሥርዓት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ ፍላሽኢት የተባለችው መጻፊያ ፕሮግራምና ስሙ ዜድጂ5አይኤ32 ተብሎ የተቀየረ፣ መጨረሻው ኤፍዲ የሆነ የባዮስ ፋይል ይቀመጣሉ፤ ባትሪዋም ቻርጀሯም ተያይዘው ፍላሹ ይሰካል፣ ኤፍኤንና ኢስኬፕ የተባሉት ሁለት ቁልፎች እንደተጫኑ ማብሪያው ይጫናል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቁልፎቹ ይለቀቃሉ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ማብሪያው አንድ ጊዜ እንደገና ይጫናል። ስሙ በአንዲት ፊደል ከተሳሳተ ባዮሱ ውስጥ ሳይበላሽ የቀረው ትንሽ የማስታመሚያ ክፍል ፋይሉን አያውቀውም፤ በዚህ በኩል ከቀበሌ መዝገብ ቤት ይብሳል።

የቀረው ሥራ ምንም አለመሥራት ሲሆን፣ ለሰው ልጅ ከባዱም እርሱ ነው። ፋይሉ አንድ ሜጋባይት ገደማ፣ ማለትም በስልክ ከተነሣች አንዲት ፎቶ ያነሰ ቢሆንም፣ ቺፗ ተፍቃ እስክትጻፍ የሚያልፉት ደቂቃዎች ይረዝማሉ፤ ስክሪኑ አሁንም ጥቁር ስለሆነ ሥራው ይሂድ ይቁም የምትናገረው የፍላሹ መብራት ናት። መሃል ላይ ኃይል ቢቋረጥ ጥሩምባ ነፊው ግማሽ ቃል ተምሮ ስለሚቀር፣ ባትሪዋ እንድትያያዝ የታዘዘው መብራት ለሚሄድበት አገር ታስቦ ይመስላል። ባለቤቱ በዚህ ሰዓት ማብሪያውን «እስቲ» ብሎ እንዳይነካ እጁን የሚይዝለት ዘመድ ቢኖር መልካም ነው። ሲሳካ ላፕቶፗ ራሷ ጠፍታ ትበራለች፣ የአምራቹ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፣ ቤቱም ነፍስ ዘራች ይላል። ካልተሳካ ደግሞ ባለ 8 እግሯን ቺፕ በመቆንጠጫ ይዞ ከሌላ ኮምፒውተር በቀጥታ የሚጽፍ ሲኤች341ኤ የተባለ ርካሽ መሣሪያ አለ፤ ከዚያም ወዲያ «ማዘርቦርዱ ነው» የሚለው ቃል በእርግጥ ሊነገር ይችላል።

ስለ ፎርማት አንድ ነገር ሳይባል ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ፎርማት በከተማው ጥገና ቤቶች የያዘው ቦታ ጠበል በሕመምተኛ ዘንድ ከያዘው ቦታ አያንስም፤ ልዩነቱ ጠበል የሰውየውን የልጅነት ፎቶ አለማጥፋቱ ነው። ጥሩምባ ነፊው ተኝቶ ሳለ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ፣ ዕድሩ አልተሰበሰበም ብሎ የዕድሩን መዝገብ ማቃጠል ነው፤ ከሕመሙ ጋር የሚገናኘው ሃርድ ዲስኩ ወይም ዊንዶውሱ ራሱ ሲታመም ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ሰክቶ ላፕቶፗን ከዚያ በማስነሣት የመመረቂያ ጽሑፉንና ፎቶዎቹን አስቀድሞ ማውጣት ይቻላል፤ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ የሚያነበው መርፌ መንገዱን እየሳተ ስለሆነ በመሞከር ብዛት ማድከም አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ላፕቶፗ በፌስታል ተጠቅልላ ቤቷ ትገባለች፤ በማግሥቱም ባለቤቱ ተመልሶ ሠሪውን «ወንድሜ፣ ኢንተርኔት እምቢ አለች» ይለዋል፤ ስልኩ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል፣ እርሷ ግን ድረ ገጾቹን ሁሉ አደገኛ ናቸው እያለች አትከፍትም። ሠሪው የስክሪኑን ማዕዘን ያያል፤ ቀኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ይላል፣ በኢትዮጵያ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ላፕቶፗም ከመሠራቷ ስምንት ዓመት ገደማ በፊት ላይ ትገኛለች። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰነድ እንደ መታወቂያ የሚጸናበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ በእርሷ ዓይን ሁሉም ገና ያልተሰጠ መታወቂያ የያዙ አጭበርባሪዎች ናቸው። ባለቤቱ 2000 የሚለውን አይቶ ላፕቶፗ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትሄድ፣ ብቻ ትንሽ የዘገየች መስሎት ነበር። ምክንያቱ ኃይል ሁሉ ሲቋረጥ ሰዓቱን የምታስቀጥለው፣ ሳንቲም የምትመስለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ መድከሟ ሲሆን፣ ባትሪዋ እንደ ራሙ ከማዘርቦርዱ ሥር በተቀመጠችባቸው ላፕቶፖች ላይ ኪቦርዱም፣ ክዳኑም፣ ብሎኖቹም ሁሉ እንደገና ይፈታሉ፤ በዚህ ዙር ሠሪው መሳቢያውን ከፍቶ ትናንት የተረፈችውን ብሎን ያወጣና ባዶ ቀዳዳ መፈለግ ይጀምራል።